መብራት ሄዶ ሲመጣ ኤስኤስዲው ለጠፋባችሁ
ጎንደር ውስጥ መብራት ድርግም ብሎ ሲመለስ ኮምፒውተራችሁ ኤስኤስዲውን (ፋይላችሁ የሚቀመጥበትን ዲስክ) አላየሁም ካለ፣ ፒያሳ ጥገና ቤት ከመሮጣችሁ በፊት ይህን ሞክሩ። አብሩና ባዮስ (ዊንዶውስ ከመከፈቱ በፊት የሚገባበት የኮምፒውተሩ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ግቡ፤ ምንም ሳትነኩ 20 ደቂቃ ያህል ተዉት። ከዚያ አጥፍታችሁ ገመዱን ንቀሉ (ላፕቶፕ ከሆነ የሚወጣ ባትሪ ካለው እሱንም)፣ ግማሽ ደቂቃ ጠብቁና አንዴ ድገሙት።

ኤስኤስዲ የትኛው ዳታ የት እንደተቀመጠ የሚመዘግብበት ሰንጠረዥ አለው፤ ኃይል በድንገት ሲቋረጥበት ሊዛባ ይችላል። ባዮስ ላይ ሲቆም ኃይል ያገኛል፣ አንብብ ጻፍ እያለ የሚያጣድፈው ግን የለም፤ ሰንጠረዡን ለማስተካከል ፋታ ያገኛል። ሁሉም ሞዴል ላይ ግን አይሠራም።

ዴስክቶፕ ከሆነ መጀመሪያ የኤስኤስዲውን የዳታ ገመድ ነቅላችሁ መልሱት፣ አንዳንዴ ጣጣው እሱ ብቻ ነው። መብራቱ ሲመላለስ በሚውልበት ቀን አትጀምሩት። ከታየላችሁ ደግሞ ሌላ ነገር ሳትነኩ ፋይላችሁን ገልብጡ፤ ፎርማት ላድርገው ቢላችሁ እሺ እንዳትሉ!