አገጩን ሰፍታችሁ አትሸኙ፦ በፊትና በመንጋጭላ ጉዳት ሕክምና ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የአፍ፣ የፊትና የመንጋጭላ ቀዶ ሐኪም ነኝ። ይህን የምጽፈው በየወረዳው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሌሊቱን ብቻቸውን ለሚያነጉ ወጣት ሐኪሞች ነው። ስህተቶቹን በክብደታቸው አልደረደርኳቸውም፤ የመጀመሪያው ግን እንቅልፍ የነሣኝ ስለሆነ ከእሱ እጀምራለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት የዘጠኝ ዓመት ልጇን ይዛ ከገጠር መጣች። «ልጄ አፏ አልከፈት ብሎ ነው፣ ዶክተር» አለችኝ። ልጅቷን «እስቲ አፍሽን ክፈቺ» ስላት ከንፈሮቿ ተላቀቁ፤ ጥርሶቿ ግን ንቅንቅ አላሉም። ምን እንደምትበላ ስጠይቅ እናትየዋ በእጇ አሳየችኝ፤ የጎን ጥርሷ በወለቀበት ክፍተት የላመ ፍትፍት በጣቷ እየገፋች ነው የምትበላው። አገጯ ወደ ኋላ ሸሽቷል፤ ሌሊት ታንኮራፋለች። ቀና አድርጌ ከአገጯ ሥር አየሁ። እንደጠበቅኩት ጠባሳ አለ፤ ቀጭን፣ ጥርት ያለ፣ የባለሙያ እጅ ያረፈበት። «የአምስት ዓመት ልጅ ሳለች ከቆጥ ወድቃ ነበር፤ ሐኪሙ እግዜር ይስጠውና አራት ቦታ ሰፍቶ አዳናት» አለች እናት።

አላዳናትም። የሰፋው ቆዳዋን ነው። መንጋጭላ እንደ ፈረስ ኮቴ የታጠፈ አንድ አጥንት ነው፤ ሁለቱ ጫፎቹ ከጆሮ ፊት ለፊት ከራስ ቅል ጋር ይገጥማሉ። አገጭ ላይ ያረፈ ምት አገጭ ላይ አይቀርም፤ በአጥንቱ ተጉዞ ከመገጣጠሚያው ሥር ያለውን ቀጭን አንገት ይሰብራል። ሕጻን ልጅ ላይ ደግሞ የአጥንቱ ራስ ለስላሳና ደም የበዛበት በመሆኑ ሊፈረካከስ ይችላል፤ ደም መገጣጠሚያው ውስጥ ይቋጥራል፤ ልጁ ስለሚያመው አፉን አይከፍትም፤ ያልተንቀሳቀሰው መገጣጠሚያ ቀስ በቀስ አጥንት ለአጥንት ይጣበቃል። መንጋጭላ የሚያድግበት አንዱ ዋና ቦታም ያው ስለሆነ አገጩ ባለበት ይቀራል።

ስለዚህ የተሰነጠቀ አገጭ ስታዩ፣ መንጋጭላው አለመሰበሩን በእጃችሁ ሳታረጋግጡ መርፌና ክር አታንሡ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ጣቶቻችሁን ከሁለቱ ጆሮዎች ፊት ለፊት አሳርፉና «ክፈት፣ ዝጋ» በሉት። አጥንቱ ከጣታችሁ ሥር አልንቀሳቀስ ካለ፣ ልጁ ከጮኸ፣ አፉን ሲከፍት አገጩ ወደ አንድ ጎን ካዘመመ ነገሩ አልቋል፤ አብዛኛውን ጊዜ የተሰበረው ባዘመመበት በኩል ነው። ከጆሮ የሚወጣ ደምም ሁልጊዜ የራስ ቅል ስብራት አይደለም፤ የጆሮን ቀዳዳ ከፊት በኩል የቀደደው የመንጋጭላው ጫፍ ሊሆን ይችላል። ከዚያ አንዲት ጥያቄ ጠይቁ፦ «ጥርሶችህ እንደ ቀድሞው ይገጥማሉ?» ከብዙ ደብዛዛ ራጅ ይልቅ ይህችን ጥያቄ አምናለሁ። እንጀራ ውስጥ የገባች አንዲት አሸዋ የምታስታውቀው ሰው የጥርሱን ግጥምጥም ለውጥ አያጣውም።

ስብራቱን ያገኘ ሐኪም ደግሞ ወደ ሌላኛው ጥግ ይሄዳል፤ የልጁን አፍ በሽቦ አስሮ ስድስት ሳምንት ያቆየዋል። ይህም ያው መጣበቅን መጋበዝ ነው። የሕጻናት የዚህ ቦታ ስብራት አብዛኛው ቀዶ ሕክምና አይፈልግም፤ ለስላሳ ምግብ፣ ማስታገሻ፣ ከዚያም ቶሎ አፍን ማንቀሳቀስ ነው። ማሰር ግድ ከሆነ ከ10 እስከ 14 ቀን ይበቃል። እናትየዋንም «የራሱን ሦስት ጣት ደርቦ አፉ ውስጥ ማስገባት መቻሉን በየሳምንቱ እዪ፤ ካቃተው ዛሬ ነገ ሳትዪ አምጪው» በሏት። ይህ ለዚያች እናት ቢነገራት ኖሮ አሁን የተጣበቀውን አጥንት ቆርጠን ለማውጣት፣ ምናልባትም ከጎድን አጥንቷ ለስላሳውን ጫፍ ወስደን ለመተካት ቀጠሮ አንይዝላትም ነበር። ማደንዘዣ የሚሰጠው ባልደረባዬ በማይከፈት አፍ ፊት ቆሞ በአፍንጫ በኩል ቱቦ ሲያስገባ የሚያልበውን ላብ እኔ አውቃለሁ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ቢያንስ ስድስት ወር፣ ቀጫጭን የምላስ መጫኛ እንጨቶችን አንድ በአንድ እየደረቡ አፍ ማለማመድ አለ። ልጅ ያለቅሳል፤ እናት አንጀቷ አይችልም፤ ትተወዋለች፤ መጣበቁ ይመለሳል።

በጀርባ ማስተኛት። ፊቱ የተሰበረን ሰው በጀርባው አንጋላችሁ ወደ ራጅ ክፍል አትላኩ። መንጋጭላው ፊት ለፊት ከሁለት ቦታ ሲሰበር ምላስን ከፊት የሚይዛት ነገር ይጠፋል፤ ወደ ጉሮሮ ትወድቃለች፤ ደሙም ይከተላታል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፊታቸው የቆሰለ ወታደሮች በቃሬዛ በጀርባቸው ተኝተው ሲጓጓዙ እየታፈኑ ይሞቱ ነበር፤ እኛ ዛሬም ያንኑ ቃሬዛ እንገፋለን። ቁስለኛው ራሱን የሚያውቅና አንገቱ የማያጠራጥር ከሆነ ቁጭ ብሎ ወደ ፊት ያዘንብል፤ ደሙ ወደ ውጭ ይፍሰስ። አንገቱ ካጠራጠራችሁ አንገቱን ደግፋችሁ፣ ሰው ጨምራችሁ በጎኑ አዙሩት። «ተኛ» ሲሉት እምቢ ብሎ የሚነሣ ቁስለኛ ያስቸገረ ሰካራም ተደርጎ ሲያዝ አይቻለሁ። ትንፋሽ ነበር ያጠረው።

ከአፍንጫው ጥርት ያለ ውሃ በሚፈስ ሰው አፍንጫ ውስጥ ቱቦ አታስገቡ። ውሃው የአንጎል ፈሳሽ ሊሆን ይችላል፤ ቱቦውም በተሰበረው የራስ ቅል ወለል በኩል ወደ አንጎል ሊገባ ይችላል።

የተዛነፈ ከንፈር። ይህን እኔ ራሴ ሠርቼዋለሁ። ኢንተርን ሳለሁ አንድ የባጃጅ ሾፌር የላይኛው ከንፈሩ ተተርትሮ መጣ። ማደንዘዣውን በቁስሉ ዙሪያ ወጋሁት፤ ከንፈሩ እንደ ዳቦ ተነፋ፤ ቀዩ ከቆዳው የሚለይበት መሥመር ጠፋኝ። በግምት ሰፋሁት። እብጠቱ ሲጎድል መሥመሩ አንድ ሚሊሜትር ያህል ተዛንፎ ተገኘ። አንድ ሚሊሜትር ሌላ ቦታ ምንም አይደለም፤ ከንፈር ላይ ግን ፊት ለፊት ተቀምጦ ቡና የሚጠጣ ሰው ሁሉ ያየዋል። ሰውየው አመስግኖኝ ሄደ፤ ኋላ መንገድ ላይ ሳገኘው ጢሙን አሳድጎበታል። ከዚያ ወዲህ ከመርፌው በፊት የመሥመሩን ሁለት ጫፍ በቀለም ምልክት አደርጋለሁ፤ የመጀመሪያዋን ስፌትም እዚያው ላይ አሳርፋለሁ። ከቻላችሁ ማደንዘዣውን ቁስሉ ላይ ሳይሆን ነርቩ ከአጥንት በሚወጣበት ቦታ ስጡ።

ቅንድብ አትላጩ፤ ስታጋጥሙ የሚመራችሁ እሱ ነው። አስፋልት የላጠውን ፊት አደንዝዛችሁ በብሩሽ እሹት፤ ዛሬ ያልወጣ ጠጠር ለዘለዓለም ንቅሳት ሆኖ ይቀራል። የፊት ቆዳን እንደ ጆንያ በወፍራም ክር አትስፉ፤ 6-0 የሚባለው ቀጭን ክር ከሌለ ትንሽ የሚወፍረው 5-0 ይሁን፣ በአምስተኛው ቀን አካባቢም ይውጣ። ደም እንዲያቆም ቡና ነስንሰው ያመጡትን ቤተሰቦች አትቆጡ፤ ደንግጠው ነው፤ ጥሩ አድርጋችሁ እጠቡት።

የጉንጭ ቁስል ሌላ ነው። ሳታደንዝዙ በፊት «ግንባርህን ቋጥር፣ ዓይንህን ጨፍን፣ ጥርስህን አሳይ» በሉት። አንዱን ካልቻለ የፊት ነርቭ ተቆርጧል። ካደነዘዛችሁት በኋላ ግን ያልቻለው ከቢላዋው ይሁን ከመርፌያችሁ ማንም አያውቅም። ከዓይን ውጨኛ ጥግ ወደ ታች ከሚሰመር መሥመር ወደ ጆሮ በኩል የተቆረጠ ነርቭ ተፈልጎ ይሰፋል። ለፍለጋው ያለን ጊዜ ወደ 72 ሰዓት ግድም ነው፤ ከዚያ በኋላ የወዲያኛው ጫፍ በኤሌክትሪክ ሲነካ ጡንቻውን አያንቀሳቅስምና እንደ ክር በክር ክምር ውስጥ መፈለግ ይሆናል። «ቁስሉ ይድንና እንልከዋለን» ብላችሁ በሁለተኛው ሳምንት አትላኩልኝ። ቁስሉ ውስጥ ጥርት ያለ ፈሳሽ ሲቋጥር ካያችሁም ምራቅ ነው፤ ቱቦው ተቆርጧል።

ዓይን። በቡጢ ወይም በኳስ ዓይኑን የተመታ ልጅ፣ ዓይኑ አልቀላም፣ አላበጠም፤ ግን ያስመልሰዋል፣ የልብ ምቱም ዝቅ ብሏል። ጭንቅላቱን ተመቶ ነው ተብሎ አልጋ ይይዛል። ማንም «ወደ ላይ እይ» አላለውም። ቢለው ኖሮ አንዱ ዓይን ወደ ላይ አልሄድ ሲል ያይ ነበር፤ ዓይኑ የተቀመጠበት የአጥንት ወለል ተሰንጥቆ ዓይኑን የሚያንቀሳቅሰውን ጡንቻ እንደ በር ነክሶታል። የልጅ አጥንት ይለመጥና ይመለሳል፤ ችግሩም ይኸው ነው። አንድ ሁለት ቀን ውስጥ ካልተለቀቀ ጡንቻው ይሞታል። ዓይኑ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ወደ ውጭ ከገፋና ማየት እየቀነሰ ከሄደ ደግሞ ሲቲ ስካን አትጠብቁ፤ ከኋላው ደም ቋጥሯል፤ ያላችሁ ጊዜ በደቂቃ የሚቆጠር ነው። የውጨኛውን የዓይን ጥግ መቁረጥን ሌሊት ሳይመጣባችሁ ቀን ተማሩ።

አፍንጫው የተመታ ሰው ሲመጣ አፍንጫው ውስጥም እዩ። መሐል ግድግዳው ላይ የቋጠረ ደም በጊዜው ካልፈሰሰ ከጥቂት ቀን በኋላ ልሙ አጥንት ይሞትና አፍንጫው እንደ ኮርቻ ይሰረጉዳል።

ንክሻ። ውጭ የተኛ እረኛን ጅብ ፊቱን ሲነክሰው፣ ሕጻንን ውሻ ጉንጩን ሲነጭ፣ ሁሉም ስለ ስፌቱ ይጨነቃል። መጀመሪያ 15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ እጠቡ፤ በሰዓት ቆጥራችሁ። ፊት ላይ የደረሰ ንክሻ ለእብድ ውሻ በሽታ ከሁሉ የከፋው ደረጃ ነው፤ ክትባቱ የዛሬ ነው፤ ኢሚውኖግሎቡሊን (የተዘጋጀ ፀረ እንግዳ አካል) ካለም ከስፌቱ በፊት በቁስሉ ውስጥና ዙሪያ ይወጋል። ፊት ደም ስለሚበዛበት ታጥቦ ከተሰፋ ይድናል። በእብድ ውሻ በሽታ የሞተ ልጅ ግን የሚያምር ስፌቱን ይዞ ነው የሚቀበረው፤ አንድ ጊዜ አይቻለሁ፣ ሁለተኛ ማየት አልፈልግም።

«የጥርስ በሽታ ሰው አይገድልም።» ይህን የሚል ሐኪም አንገቱ ያበጠ ሰው ሲንተፋተፍ አላየም ማለት ነው። ከታችኛው መንጋጋ ጥርስ የተነሣ መግል ከምላስ ሥር ሲሰራጭ አገጭ ሥር ያለው እንደ እንጨት ይጠጥራል፤ ምላስ ወደ ላይ ትነሣለች፤ በሽተኛው ምራቁን መዋጥ ያቅተዋል። ጀርመናዊው ሉድቪግ በ1836 የጻፈው ይህንን ነው፤ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ስህተቱ ሦስት መልክ አለው። ወጌሻ ያሸዋል። ፋርማሲ አምስት ፍሬ አሞክሲሲሊን ይሸጥለታል። ሐኪም ደግሞ በደም ሥር መድኃኒት ጀምሮ «እስኪበስል» ይጠብቃል። አይበስልም፤ ይታፈናል። የአየር መተላለፊያውን አስጠብቁ፣ ክፈቱት፣ መነሻ የሆነውን ጥርስ አውጡ።

የማያም እብጠት። ሰው ለሚያመው ነገር ይመጣል፤ ላላመመው ይቆያል። አሜሎብላስቶማ የሚባለው ዕጢ መንጋጭላ ውስጥ ለዓመታት ቀስ እያለ ያድጋል፤ ጥርስ ይነቃነቃል፤ ጥርሱ ይነቀላል፤ ቀጣዩ ይነቃነቃል፤ እሱም ይነቀላል። አንድ ገበሬ አምስት ጥርሱን በአምስት የተለያየ ቀን አስነቅሎ መጥቶብኛል፤ አንድም ጊዜ ራጅ አልተነሣም ነበር። ሁለተኛው ስህተት የእኛው የቀዶ ሐኪሞች ነው፤ ከፍቶ መፋቅ። በአጥንቱ ውስጥ ዘልቆ የሚሄድ ዕጢ በመፋቅ ጨርሶ አይወጣም፤ ተመልሶ ይመጣል፣ ሲመለስም ሰፍቶ ነው። ከዳርቻው ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ጤነኛ አጥንት ጨምሮ መቁረጥ ያስፈልጋል። ከዚያ የጎደለው ይተካል። የቅልጥምን ቀጭን አጥንት ከነደም ሥሩ አውጥቶ ማዛወርን አውስትራሊያዊው ቴይለር በ1975 አሳወቀ፤ አሜሪካዊው ሂዳልጎ በ1989 ለመንጋጭላ አዋለው። በሽተኛ ይህን ስነግረው «ታዲያ በምን ልሄድ ነው?» ይለኛል። ትሄዳለህ፤ ክብደትህን የተሸከመው ወፍራሙ ነው።

ኖማን፣ ከድድ ተነሥቶ የሕጻናትን ፊት የሚበላውን በሽታ፣ ባጭሩ ልለፈው። የዓለም ጤና ድርጅት በታኅሣሥ 2023 ችላ ከተባሉ የሐሩር ክልል በሽታዎች ተርታ መድቦታል። ኩፍኝ ወይም ረሃብ ያደከመው ሕጻን ድዱ ደምቶ አፉ ሲሸት አንቲባዮቲክና ምግብ ያድኑታል፤ ጉንጩ ከተበሳ በኋላ ግን እኛ ነን። ቀዳዳውን ለመሸፈን አትቸኩሉ፤ ቁስሉ ጨርሶ ይድረቅ፣ ልጁ ይወፍር።

የመጨረሻው የሽቦ ነገር ነው። የአዋቂን መንጋጭላ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት አስራችሁ ስትሸኙ ሦስት ነገር አትርሱ፦ ሽቦ መቁረጫ ከአጠገቡ እንዳይለይ፣ ቢያስመልሰው ወዲያው የትኛውን ሽቦ እንደሚቆርጥ፣ በነዚህ ሳምንታት ምን እንደሚጠጣ። አጥሚት፣ ሾርባ፣ ቀጠን ያለ በሶ፣ ወተት። እኔ ሦስቱንም ነግሬያለሁ፤ ቀን መቁጠሪያ ማየት ግን ረሳሁ። አንድ መካኒክ በሦስተኛው ሳምንት፣ ከፋሲካ ማግስት፣ አፉ ተከፍቶ መጣ። ሁዳዴን ሙሉ ጾሞ ዶሮውን ሌላ ሰው ሲበላው ማየት አልቻለም፤ በገዛ ፒንሳው ሽቦውን አንድ በአንድ ቆርጦታል። ስብራቱ ተናግቶ ነበር። እንደገና አሰርኩት፤ ቀኑንም ከዜሮ ጀመርን። ሊወጣ ሲል በታሰሩት ጥርሶቹ መሐል ጠየቀኝ፦ «ዶክተር፣ ለዳግማይ ትንሣኤስ ለአንድ ቀን አይፈታም?»