«ሌት ዩ ጎ» ማለት ወደ ቤትህ ሂድ ማለት አይደለም

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ደወለልኝ። አሜሪካ ከገባ ሰባት ወሩ ነው፤ ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ በምትባል ከተማ በአንድ መጋዘን ዕቃ ይጭናል። «ጋሼ፣ አለቃዬ ‹አይ ሃቭ ቱ ራይት ዩ አፕ› አለችኝ። ስለ እኔ ልትጽፍልኝ ነው፤ የደረጃ ዕድገት ይሆን እንዴ?» አለኝ። ደስታው አሳዘነኝ። «ራይት አፕ» የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው፤ በፋይልህ ውስጥ ይቀመጥና ሁለትና ሦስት ሲሆን መሰናበቻ ይሆናል። «ፈርመሃል?» አልኩት። ፈርሟል። «አንብበኸዋል?» ስለው ዝም አለ።

ይህን የመሰለ ጥያቄ ዘንድሮ ብቻ ሦስተኛዬ ስለሆነ አንድ ጊዜ ጽፌው ልገላገል።

በመጀመሪያ ከዩቲዩብ የሸመደዳችሁትን የእንግሊዝኛ ፈሊጥ ዝርዝር እርሱት። ዝናቡ ድመትና ውሻ ሆኖ ወረደ የሚለውን አባባል በዚህ አገር በኖርሁባቸው አሥራ አራት ዓመታት ከአንድም ሰው አፍ አልሰማሁም። መድረክ ለሚወጣ ሰው መልካም ዕድል ለማለት «ብሬክ ኤ ሌግ»፣ እግርህን ስበር፣ ያለኝም የለም፤ ቲያትር ስለማልሠራ ይሆናል። ደግሞም እንዲህ ያለው አነጋገር አይጎዳችሁም። ሰው እግርህን ስበር ካላችሁ ከበስተኋላው ሌላ ነገር እንዳለ ራሳችሁ ትጠረጥራላችሁ። የሚጎዳችሁ ሁለተኛ ክፍል በተማራችኋቸው ቃላት የተሠራው ነው፤ ሌት፣ ጎ፣ ኮል፣ አፕ፣ ኦፍ፣ አውት። እያንዳንዱን ቃል ስለምታውቁት ዓረፍተ ነገሩም የገባችሁ ይመስላችኋል። አማርኛ የሚማር ፈረንጅ «እግሬ አውጪኝ አለ» ሲባል ቢሰማ ሰውዬው ከእግሩ ጋር ሲማከር ይታየው ይሆናል እንጂ ሲሮጥ አይታየውም። ቃላቱን ግን ሁሉንም ያውቃቸዋል።

እኔ የወደቅሁበት ጉድጓድ ይኸውላችሁ። ቨርጂኒያ ውስጥ በአንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል እሠራ ነበር። ወሩ ጥር ነው፤ እንግዳ ጠፍቷል፣ የሚታጠበው አንሶላ ቀንሷል፣ በረዶ ሊጥል ሰማዩ ከብዷል። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ አለቃዬ ቢሮዋ ጠራችኝ፤ በሩን ዘጋችና በለሰለሰ ድምፅ «ዊ ሃቭ ቱ ሌት ዩ ጎ» አለችኝ። ሌት መፍቀድ፣ ጎ መሄድ። በረዶው ሳይጥልብህ ቶሎ ቤትህ ግባ ያለችኝ መሰለኝ። «ጎድ ብሌስ ዩ» ብዬ መረቅኋት። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ወረቀት ስታስጠጋልኝ የመውጫ ሰዓት መመዝገቢያ ይሆናል ብዬ ጣቷ ባረፈበት ቦታ ፈረምሁ። በማግስቱ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ምሳዬን ቋጥሬ ስደርስ ካርዴ በሩን አልከፍት አለ። ጥበቃው የአገር ልጅ ነበር። ትንሽ ሲያየኝ ቆየና «ወንድሜ፣ አሰናብተውህ የለም እንዴ?» አለኝ። ምሳዬን በጠዋት አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ተቀምጬ በላሁት።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ የሠርግ ቤት ጨዋታ ብቻ ሆኖ በቀረ። ነገር ግን ከሐፍረቴ የተነሣ ሦስት ሳምንት ለማንም ሳልናገር፣ የትም ሳላመለክት ተቀመጥሁ። ግዛቱ ሥራውን ላጣ ሰው ለጊዜው የሚሰጠው የሥራ አጥ ክፍያ በአብዛኛው የሚታሰበው ካመለከታችሁበት ሳምንት ጀምሮ ነው፤ ከተሰናበታችሁበት ቀን አይደለም። ሦስቱ ሳምንት ቀለጠ። የፈረምሁት ወረቀት ደግሞ በገዛ ፈቃዴ እንደለቀቅሁ ይናገር ነበር። ያለ በቂ ምክንያት በፈቃዱ የለቀቀ ሰው ክፍያውን አያገኝም። የመጣልኝ የክልከላ ደብዳቤ አራት ገጽ ነው፤ ሦስቱ ገጽ ምንም አይልም፣ ዋናው ነገር አራተኛው ግርጌ ላይ በደቃቅ ፊደል ተቀምጧል። እዚያ ላይ ያለው የይግባኝ ቀን አይታለፍም፤ ቨርጂኒያ 30 ቀን ይሰጣል፣ ሜሪላንድ 15 ብቻ። ክፍያውን ወደሚሰጠው መሥሪያ ቤት ደውዬ የመጠበቂያውን ሙዚቃ እያዳመጥሁ ስንት ጠዋት እንዳለፈ አልቆጠርሁትም። በመጨረሻ በስልክ ችሎት ቀርቤ ተፈረደልኝ፤ እስከዚያ ግን ሁለት ወር ተኩል የቤት ኪራዬን የከፈለችው እህቴ ናት።

ስለዚህ አለቃ በሩን ዘግቶ ድምፁን ካለሰለሰ «ኢዝ ቱዴይ ማይ ላስት ዴይ?» ብላችሁ ጠይቁ። አዎ ካለ «ፋየርድ ኦር ሌይድ ኦፍ?» በሉ። ሌይድ ኦፍ ሥራ ቀንሶ ወይም የሥራ መደቡ ታጥፎ መሰናበት ነው፤ ፋየርድ በጥፋት መባረር። ለክፍያው ልዩነቱ ሰፊ ነው። ወረቀት ከቀረበላችሁ ቤት ወስጄ ላንብበው በሉ። ለምን ተሰናበትሁ ብሎ መሟገት ግን ድካም ነው፤ ከሞንታና በቀር በሁሉም ግዛት አሠሪ ሕግ የሚከለክለው ምክንያት እስካልሆነ ድረስ ያለ ምክንያትም ሊያሰናብት ይችላል። ሽማግሌ አይላክበትም። የመጨረሻ ደመወዛችሁን ጠይቁ፤ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ለተሰናበተ ሠራተኛ በሚቀጥለው የሥራ ቀን መከፈል አለበት፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ደግሞ በመደበኛው የደመወዝ ቀን።

የሚገርመው፣ ያንኑ ቃል መንገድ ላይ ያስቆማችሁ ፖሊስ ቢናገረው ምሥራች ነው። «አይ ዊል ሌት ዩ ጎ» ማለቱ ሳይቀጣ መልቀቁ ነው። አመስግናችሁ ሂዱ።

ሥራ ቦታ ላይ «ኮል አውት» ዛሬ አልመጣም ብሎ መደወል ነው፤ ጮኾ መጥራት አይደለም። ሳይደውሉ መቅረት «ኖ ኮል ኖ ሾው» ይባላል፤ በዚህ ብቻ ብዙ የአገሬ ልጆች ተባረዋል። ለጓደኛ ንገርልኝ ማለት እንደ መደወል አይቆጠርም፤ ይህን ስንት ጊዜ ልናገር? «ግሬቭያርድ ሺፍት» ከመቃብር ጋር አይገናኝም፤ የሌሊት ፈረቃ ነው። «አንደር ዘ ቴብል» ደግሞ በእኛ አገር ከጠረጴዛ ስር ሲባል እንደምናስበው ጉቦ ብቻ አይደለም፤ ደመወዝን ሳያስመዘግቡ በጥሬ ገንዘብ መቀበል ነው። የሚያባብላችሁ ብዙ ነው፣ የራሳችንም ሰው ጭምር። ለመንግሥት ጡረታ (ሶሻል ሴኩሪቲ) የሚያስፈልገው 40 ነጥብ ሲሆን በዓመት ከአራት በላይ አይገኝም፤ ያልተመዘገበ ሥራ አንድም ነጥብ አያስገኝም። ለሥራ አጥ ክፍያም አይቆጠርም።

አንድ ሌላ ወጣት ደግሞ «ዘ ቦል ኢዝ ኢን ዮር ኮርት» የሚል ኢሜይል ደርሶት ተከሰስሁ ብሎ ጠበቃ ሊፈልግ ነበር። ኮርት እዚህ ላይ የቴኒስ ሜዳ ነው፤ ውሳኔው ያንተ ነው ማለታቸው ነው። አሜሪካኖች ንግግራቸውን ከጨዋታ ይወስዳሉ፤ ጨዋታቸው ደግሞ እኛ ያደግንበት እግር ኳስ ሳይሆን ቤዝቦል ነው። በዝናብ ጨዋታ ሲቋረጥ ተመልካቹ በሌላ ቀን በያዘው ቲኬት ይገባ ነበርና «ሬይን ቼክ» ካሏችሁ ግብዣችሁን ዛሬ አልችልም፣ ለሌላ ጊዜ ይቆየኝ ማለት ነው። «ቦልፓርክ» የግምት ዋጋ ነው፤ በእሱ ተማምናችሁ መካኒክ ቤት መኪና እንዳታስገቡ።

መኪና ካነሣን አይቀር፣ አገር ቤት በጥምቀት ሎሚ የሚወረወረው ለምትወደድ ልጅ ነው። እዚህ ሎሚ የተባለ መኪና በየሳምንቱ የሚበላሽ ነው። የሎሚ ሕግ የሚባለው በአብዛኛው አዲስ መኪናን እንጂ አሮጌውን አይጠብቅም። ነጋዴ በሚሸጠው አሮጌ መኪና መስኮት ላይ ከሚለጠፈው ወረቀት ላይ «አዝ ኢዝ»፣ እንዳለ ያለ ዋስትና፣ የሚለው ምልክት ከተደረገበት ከግቢው እንደወጣችሁ ጣጣው የእናንተ ነው።

ለንደን ላላችሁ፣ «ሪዳንደንት» ተባልሁ ብላችሁ እንደ ስድብ አትቁጠሩት፤ የሥራ መደቡ ተዘግቷል ማለት ነው፣ ሁለት ዓመት ከሠራችሁም በሕግ የተወሰነ ካሳ አለው።

ሐኪም ቤት ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል፤ የእኛን አባባል ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ እንወስደዋለን። ጨጓራው አስቸግሮት «ልቤን ያቃጥለኛል» የሚለውን ልብ በሚለው እንግሊዝኛ የተረጎመ አንድ ወዳጄ ሌሊቱን የልብ ምርመራ ሲደረግለት አደረ። ሒሳቡም ተከተለው። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ አስተርጓሚ በነጻ እንዲያቀርብ ያስገድደዋል። ዋሽንግተን ዲሲም ከ2004 ጀምሮ ለከተማው መሥሪያ ቤቶች ተመሳሳይ ሕግ አላት፤ አማርኛ ከተካተቱት ቋንቋዎች አንዱ ነው። «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር» ማለት ይበቃል። ያልገባን ነገር ላይ ሁሉ «የስ፣ የስ» እያልን ራሳችንን መነቅነቅ ከየት እንደለመድነው አላውቅም።

የመጋዘኑ ልጅ የፈረመውን ወረቀት ፎቶ አንሥቶ ላከልኝ። ሦስት ጊዜ አርፍደሃል ይላል። ከፊርማው በላይ ሠራተኛው አስተያየቱን የሚጽፍበት ባዶ ሣጥን አለ። በማግስቱ ሄዶ አለቃውን ጠየቃት፤ ጻፍበት አለችው። ማታ በስልክ አብረን ሁለት መስመር አዘጋጀን፤ አውቶቡሱ የዘገየባቸውን ሁለት ቀኖችና የመስመሩን ቁጥር። ሦስተኛውን ቀን ተኝቶ ነው ያረፈደው፤ እሱን አልጻፍነውም።