አንድ የእንግሊዝኛ ስም ሁለት ሦስት ፍቺ ሲኖረው እንዴት ይለያል?

አማርኛ ተናጋሪ ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለም። «ራስ» ጭንቅላትም ነው ማዕረግም ነው። «ገና» ጠብቆ ሲነበብ በዓል ነው፤ ላልቶ ሲነበብ «ገና አልመጣም» የምንለው ነው። እንግሊዝኛ ግን ማጥበቅና ማላላት ፍቺ አይለይለትም። ቃሉ በጽሑፍም በድምፅም ያው ሆኖ ፍቺውን የሚለየው ጎረቤቱ ነው። ስለዚህ ግራ ሲገባዎ ቃሉ ላይ አይፍጠጡ፤ ግራና ቀኙን ይዩ።

መጀመሪያ የሚታየው ከፊቱ ያለችው «ኤ» እና ከኋላው ያለችው «ኤስ» ናት። በአማርኛ «ኤ»ን የሚተካ ግዴታ የሆነ ቃል ስለሌለ ዓይናችን ዘሏት ያልፋል፤ አብዛኛው ስሕተት የሚመጣውም ከዚሁ ነው። «ግላስ» ብቻውን መስታወት ነው፣ «ኤ ግላስ» ብርጭቆ፣ «ግላስስ» ደግሞ መነጽር ወይም ብርጭቆዎች። «አይረን» ብረት ሲሆን «አን አይረን» ካውያ ነው። መኪና ውስጥ «ኖ ሩም» ከተባሉ ቦታ የለም ማለት ነው፤ ሆቴል ላይ «ኖ ሩምስ» ከተባሉ ክፍል አልቋል።

ሲቪ ላይ በብዛት የሚታየው ስሕተትም እዚህ ይገባል። የሥራ ልምድ ሲሆን «ኤክስፒሪየንስ» «ኤስ» አይጨመርበትም። «ፋይቭ ይርስ ኦፍ ኤክስፒሪየንስ» ሲጻፍ «ኤስ» የያዘው ዓመቱ እንጂ ልምዱ አይደለም። «ኤክስፒሪየንስስ» ካሉ ገጠመኞች ይሆንና ቀጣሪው የጉዞ ማስታወሻ የሚያነብ ይመስለዋል።

ሁለተኛው ጥያቄ ወረቀቱን ማን ጻፈው የሚለው ነው። «ባላንስ»ን እንውሰድ። ከባንክ በመጣ ወረቀት ላይ ያለዎት ገንዘብ ነው፤ ስልክ ላይም ያልተጠቀሙበት ሂሳብ ነው። ከመብራት ድርጅት ወይም ከሆስፒታል በመጣ ቢል ላይ ግን ያለብዎት ዕዳ ነው። አሜሪካ የሚመጣ ቢል እንዲህ ሊል ይችላል፦ ፕሪቪየስ ባላንስ 60፣ ፔይመንት 60፣ ኒው ቻርጅስ 75፣ ባላንስ ዱ 75። ያለፈው 60 ተከፍሏል፣ አዲስ 75 መጥቷል፣ አሁን የሚከፈለው 75 ነው። «75 ዶላር ተርፎኛል» ብሎ የተቀመጠ ሰው የቅጣት ክፍያ ይጨመርበታል። ከቁጥሩ ጎን የመቀነስ ምልክት ወይም «ሲ አር» የሚሉ ፊደሎች ካሉ ነገሩ ይገለበጣል፤ አስበልጠው ከፍለዋል ማለት ነው።

«ቻርጅ»ም እንዲሁ ነው። ቢል ላይ ክፍያ፣ የፍርድ ቤት ወረቀት ላይ ክስ፣ ስልክ ላይ የባትሪ ኃይል ነው። «ፍሪ ኦፍ ቻርጅ» በነጻ ሲሆን «ኢን ቻርጅ» ኃላፊ ነው። «ሴንተንስ» ትምህርት ቤት ዓረፍተ ነገር፣ ችሎት ላይ የቅጣት ፍርድ ነው።

በጣም ጥንቃቄ የሚፈልገው ሆስፒታል ነው፣ ምክንያቱም የለመድናቸው ቃላት እዚያ ሌላ ፍቺ አላቸው። «ስቱል» በርጩማ ነው፤ ላብራቶሪ ሲጠይቅዎ ግን ሰገራ ነው። «ሌበር» የጉልበት ሥራ፣ «ደሊቨሪ» ዕቃ ማድረስ ሆኖ ሳለ «ሌበር ኤንድ ደሊቨሪ» የሚል በር ካዩ ማዋለጃ ክፍል ነው። (በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር የመጀመሪያ ሰኞ አሜሪካ የምታከብረው «ሌበር ዴይ» ግን የሠራተኛው እንጂ የምጥ ቀን አይደለም።) «ፔሬድ» ለእኛ የሂሳብ ወይም የአማርኛ ክፍለ ጊዜ ነው፤ ነርሷ «ላስት ፔሬድ» ካለች የመጨረሻ የወር አበባ የመጣበትን ቀን እየጠየቀች ነው። «ዲስቻርጅ» ደግሞ በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ጊዜ በሁለት ፍቺ ሊመጣ ይችላል። ርዕሱ «ዲስቻርጅ ኢንስትራክሽንስ» ከሆነ ከሆስፒታል ሲወጡ የሚሰጥ መመሪያ ነው፤ ዝቅ ብሎ «ዲስቻርጅ ፍሮም ዘ ውንድ» የሚለው ከቁስሉ የሚወጣ ፈሳሽ ነው። «ፍሮም» ከሚለው ቀጥሎ ሰውነት ካለ ፈሳሽ፣ ሆስፒታል ካለ መውጣት ብለው ይያዙት።

አገርም ይለያል። «ጋዝ» ቤታችን ላምባ ወይም የማብሰያ ሲሊንደር ነው፤ አሜሪካ መኪና የያዘ ሰው ካለው ቤንዚን ነው። «ቢል» እንግሊዝ አገር የሚከፈል ሂሳብ ሲሆን አሜሪካ የወረቀት ገንዘብም ነው፤ «ትዌንቲ ዶላር ቢል» ባለ 20 ዶላር ኖት ነው። በሁለቱም አገር ምክር ቤት ውስጥ ረቂቅ ሕግ ይሆናል። «ፈርስት ፍሎር» ለእንግሊዞች እንደ እኛው ከግራውንድ በላይ ያለው ፎቅ ነው፤ ለአሜሪካኖች ራሱ ግራውንዱ ነው። ቀጠሮዎ እዚያ ከሆነ ደረጃ አይውጡ።

መማሪያ መጻሕፍት የሚወዱት «ባንክ» የገንዘብም የወንዝ ዳርም ነው የሚለውን ምሳሌ ነው። እውነት ነው፣ ግን ደብተሩን ይዞ ገንዘብ ሊያወጣ ወንዝ የሚወርድ ሰው የለም። የሚያሳስቱት እንደ «ባላንስ» በአንድ ዓይነት ወረቀት ላይ በሁለት ፍቺ የሚመጡት ናቸው።

መዝገበ ቃላት ሲከፍቱ የመጀመሪያውን ፍቺ ይዘው አይሩጡ። እንደ ሜሪያም ዌብስተር ያለው ቀድሞ የሚያስቀምጠው በታሪክ የቆየውን ፍቺ ነው፤ ዛሬ የሚሠራበት ሦስተኛው ሊሆን ይችላል። ለተማሪ የተዘጋጁት ይሻላሉ። በነሱ ውስጥ ከስሙ ጎን «ሲ» ካለ የሚቆጠር፣ «ዩ» ካለ የማይቆጠር ፍቺ ነው፤ ከላይ ያየነው የ«ኤ» እና የ«ኤስ» ጉዳይ እዚያው ይፈታል። የትርጉም መተግበሪያ የሚጠቀሙ ከሆነም ቃሉን ነጥለው ሳይሆን ዓረፍተ ነገሩን እንዳለ ያስገቡ።

ደብተር ላይ «ቻርጅ፦ ክፍያ፣ ክስ፣ ባትሪ» ብሎ መደርደር አይጠቅምም፤ ሲያስፈልግ የቱ የት እንደሚገባ አይነግርዎትም። ለአንድ ቃል ቢበዛ ሦስት መስመር ይስጡ፣ በእያንዳንዱ መስመር ቃሉን ከጎረቤቱ ጋር ይጻፉ፦ «ሰርቪስ ቻርጅ» የአገልግሎት ክፍያ፣ «ክሪሚናል ቻርጅ» የወንጀል ክስ፣ «ባተሪ ቻርጅ» የባትሪ ኃይል። አራተኛ ፍቺ ያጋጠመዎ ቀን መስመሩን ይጨምሩ፤ ካላጋጠመዎ ይቅር።