ቆራሌው ሳይቀድማችሁ፦ የአንጋፋ መምህርና የታሪክ ሰብሳቢ የሕይወት ታሪክ አዘገጃጀት

ዕድሜያቸውን በማስተማር ጨርሰው፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ የአካባቢያቸውን ታሪክ ሲለቅሙ የኖሩ ሰው ሲያርፉ ቤተሰቡ ላይ ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ይወድቃል። አንደኛውን ሁሉም ያውቀዋል፤ በቀብሩ ላይ የሚነበበው የሕይወት ታሪክ ነው። ሁለተኛውን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው፤ ሰውየው ሠላሳና አርባ ዓመት ሲሞሉት የኖሩት ደብተር፣ ካሴትና ፎቶግራፍ ነው። በቀብሩ ላይ የተሳሳተ ዓመተ ምሕረት ቢነበብ ለአርባው ይታረማል። ማዳበሪያ ውስጥ ታጭቆ ለቆራሌው የተሸጠ ደብተር ግን አይመለስም። ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው ከብዕሩ ሳይሆን ከክፍሉ ነው።

ክፍሉን መቆለፍ

ቤቱ ለለቀስተኛ ሲዘጋጅ መጀመሪያ የሚነሳው የእሳቸው ጠረጴዛ ነው። ወረቀቱ ተሰብስቦ ጓዳ ይገባል፣ ክረምት ሲመጣ ጣሪያው ያፈስበታል ወይም ምስጥ ይገባበታል። ከሐዘኑ ትንሽ ራቅ ያለ አንድ ሰው፣ ለምሳሌ የወንድም ልጅ ወይም የቀድሞ ተማሪ፣ ቁልፉን ይያዝ። ምንም ነገር ሳይነካ ክፍሉን በስልክ ያንሳ፤ በመጀመሪያ ከበሩ ላይ ሆኖ፣ ከዚያ እያንዳንዱን መደርደሪያ፣ በመጨረሻ እያንዳንዱን ክምር። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ካርቶን የሚገባው። ካርቶኖቹ ሀ፣ ለ፣ ሐ ይባላሉ፤ በውስጣቸው ያለው ደብተር ሀ/1፣ ሀ/2 እያለ በእርሳስ ብቻ፣ በጀርባው ሽፋን ጥግ ላይ ይቆጠራል። እስክሪብቶ ከጊዜ በኋላ ወደ ሌላው ገጽ ይዘልቃል።

እዚህ ላይ ትልቁ ስሕተት «ማስተካከል» ነው። ደግ ልጅ ተነስቶ ደብተሩን በመጠን፣ ፎቶውን በቤተሰብ ይለየዋል። ካሴት ሥር የተቀመጠው ደብተር ግን የዚያው ካሴት ግልባጭ ሊሆን ይችላል፤ ፖስታ ውስጥ ያለው ፎቶ ከነፖስታው ካልተያዘ ማን እንደላከው አይታወቅም። የተገኘበት ቅደም ተከተል ራሱ መረጃ ነው።

የመምህር ወረቀት የራሱ ጠባይ አለው። ወረቀት ውድ ስለነበር ብዙዎቹ ያገለገለ ሮስተር ጀርባ ላይ ይጽፉ ነበር። በአንድ በኩል በቀይ የተሠመረበት የስድስተኛ ክፍል ውጤት፣ ስም፣ አማካይ፣ ደረጃ፤ ገልበጥ ሲደረግ በሰማያዊ እስክሪብቶ የአንድ ሽማግሌ ቃል፣ ከጎኑ በቀስት የገባ እርማት። የፈተና ስቴንስል ትራፊም እንዲሁ ያገለግል ነበር። ሁለቱንም ፊት ስካን አድርጉ። የሮስተሩ ፊት የሚያስተምሩበትን ትምህርት ቤትና ዓመት ስለሚናገር ጀርባው ከዚያ በኋላ መጻፉን ያረጋግጣል። ሲታተም ግን የተማሪዎቹ ስምና ውጤት ይሸፈን፤ ሰዎቹ ዛሬም በሕይወት ሊኖሩ ይችላሉ።

ዝገት የያዘ ስፒልና ስቴፕል በቀስታ ይውጣ። የተቀደደ ገጽ በፕላስተር አይለጠፍ፤ ሙጫው ከዓመታት በኋላ ቢጫ ሆኖ ጽሑፉን ይበላዋል። ላሚኔት ማድረግ ደግሞ ጭራሽ የማይመለስ ጥፋት ነው። ሰነድ በ300 ዲፒአይ፣ ፎቶግራፍ በ600 ዲፒአይ ይነሳ። ስካነር ከሌለ ስልክ ይበቃል፤ ወረቀቱ መስኮት አጠገብ በጠፍጣፋ ነገር ላይ ይቀመጥ፣ ፀሐይ በቀጥታ አይምታው፣ ፍላሽ ይጥፋ። ውጭ አገር ያሉ ልጆች ፎቶ ሲልኩ በቴሌግራም «እንደ ፋይል» ይላኩ፤ እንደ ተራ ፎቶ ከተላከ ተጨምቆ ይደርስና ሲታተም ይደበዝዛል።

ካሴት ሲገኝ ወዲያው አታጫውቱት። በላይኛው ጠርዝ ላይ ያሉትን ሁለት ትናንሽ ፕላስቲኮች መጀመሪያ ስበሩ፤ ያን ጊዜ በስሕተት በላዩ ላይ መቅዳት አይቻልም። የቴፑን ራስ በአልኮል በተነከረ ጥጥ አጽዱ፣ ካሴቱን አንድ ጊዜ እስከ ጫፍ አጠንጥኑና መልሱት፣ ከዚያ በድምፅ ገመድ ወደ ኮምፒውተር አስገቡ። ድምፁ ሳይጨመቅ በዌቭ ይቀመጥ፤ የሚጨመቀው ኤምፒስሪ ለመላላኪያ ነው። ስልክን ከቴፑ ድምፅ ማጉያ ፊት አስቀምጦ መቅዳት የመጨረሻ አማራጭ ነው፤ የዶሮውም የጎረቤቱም ድምፅ አብሮ ይገባል።

ዓመተ ምሕረት ማግኘት

የሕይወት ታሪክ የሚበላሸው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ፋይል ላይ ያለ የልደት ዘመን ብዙ ጊዜ ግምት ነው፤ ትምህርት ቤት ለመግባት ወይም ጡረታ ለማራዘም ዕድሜ የተቀነሰበትም ይኖራል። ፋይሉን አንድ ምስክር አድርጉት እንጂ ዳኛ አታድርጉት።

«መቼ ነበር?» ብሎ መጠየቅ «ቆየት ብሏል» የሚል መልስ ያመጣል። «ማን ርዕሰ መምህር ሳለ?»፣ «ትልቁ ልጅ ቆሞ ይሄድ ነበር?»፣ «ያኔ ደመወዝ የሚከፈለው በማን እጅ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። በዚያ ትውልድ መምህር ሕይወት ውስጥ ደግሞ ሁሉም የሚያስታውሳቸው ችካሎች አሉ፦ በ1948 የተከበረው የኢዮቤልዩ በዓል፣ የታኅሣሥ 1953 መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ፣ ከ1955 ጀምሮ የመጡት የሰላም ጓድ አስተማሪዎች፣ መምህራን ሴክተር ሪቪው የተባለውን የትምህርት ማሻሻያ ዕቅድ ተቃውመው የካቲት 1966 የመቱት አድማ፣ የ1967 የእድገት በኅብረት ዘመቻ፣ ሐምሌ 1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ የ1977 ድርቅ፣ ግንቦት 1983። አንዱን ችካል ይዞ «ከዚያ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ማለት ከባዶ መጠየቅ ይሻላል።

ሽማግሌዎች ዘመኑን በወንጌላዊ ሊጠሩት ይችላሉ። አቆጣጠሩ ቀላል ነው። ዓመተ ምሕረቱን ለ4 አካፍሉ፤ 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ነው። እንበልና እኅታቸው «እዚህ ትምህርት ቤት ለማስተማር የገባው በዘመነ ማርቆስ ነው፣ ንጉሡ ሳይወርዱ» አሉ። ያ 1958፣ 1962 ወይም 1966 ነው። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ካርዳቸው 1956 ይላል፤ ስለዚህ በ1958 ገና ተማሪ ነበሩ። የሥራ ባልደረባቸው ደግሞ «አድማው ሲመታ እዚሁ ትዳር ይዞ ልጅ ወልዷል» ይላሉ፤ ስለዚህ 1966ም ይወጣል። የሚቀረው 1962 ነው። ከሁለት ሰውና ከአንድ ወረቀት የተገኘ ስለሆነ ያለ ስጋት ሊጻፍ ይችላል።

ቀኑን «ሐሙስ ነበር» ብሎ የሚያስታውስ ሰው ሲገኝ በባሕረ ሐሳብ፣ በቤተ ክርስቲያን የዘመን ቀመር፣ መፈተን ይቻላል። የ1967 መስከረም 1ን እንውሰድ። 5500 ሲጨመርበት 7467 ይሆናል። ለ4 ሲካፈል 1866 ይደርሳል፣ ትርፉ ይተው። 7467 እና 1866 ሲደመሩ 9333፤ ይህን ለ7 ስናካፍል 2 ይተርፋል። 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ እያለ ይሄዳል፤ ምንም ካልተረፈ ሰኞ ነው። መስከረም 1 ረቡዕ ዋለ፤ ንጉሡ የወረዱት በማግሥቱ፣ ሐሙስ መስከረም 2 ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን እያንዳንዱን ወር 30 ቀን አድርጎ መቁጠር ነው።

ዕድሜ ሲሰላ ሁለቱም ዘመን በአንድ አቆጣጠር ይሁን። ከዋሽንግተን የሚዘጋጅ ጽሑፍ ላይ በ1941 ዓ.ም. የተወለዱ ሰው በ2025 አረፉ ተብሎ 84 ዓመት ሲሰጣቸው ይታያል። 2025 እስከ ጳጉሜን ድረስ በእኛ 2017 ነውና ትክክሉ 76 ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ነው።

የቦታ ስምም እንደዘመኑ ይጻፍ። እስከ 1967 ጠቅላይ ግዛት፣ ከዚያ ክፍለ ሀገር ነበር። በ1950ዎቹ ተወልደው «በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን ተወለዱ» ማለት ያኔ ባልነበረ አስተዳደር ውስጥ ማዋለድ ነው። «በሸዋ ጠቅላይ ግዛት በይፋትና ጥሙጋ አውራጃ፣ ዛሬ ሰሜን ሸዋ በሚባለው» ሲባል ሁለቱም አንባቢ ይረካል። የታሪክ ሰብሳቢ የሕይወት ታሪክ በዚህ ከተሳሳተ፣ እሳቸው ራሳቸው በቀይ ያሠምሩበት ነበር።

መምህሩ በሕይወት ካሉና ቤተሰቡ አስቀድሞ ካሰበበት ነገሩ ሁሉ ይቀላል። ጠዋት፣ ከ45 ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ፣ አንድ ደብተር ወይም አሥር ፎቶ ፊታቸው አስቀምጣችሁ ቅዱ። ባዶ እጃቸውን ሲጠየቁ ለመቶኛ ጊዜ የተናገሩትን ያንኑ ይደግማሉ፤ የራሳቸውን እጅ ጽሑፍ ሲያዩ ግን የተጻፈበትን ቤት፣ ቡና ያቀረበችውን ሴት ሳይቀር ያነሳሉ።

ለቀብር የሚነበበው

በቆሙ ሰዎች ፊት ረጋ ተብሎ ሲነበብ በደቂቃ ከ90 እስከ 100 ቃል ይሄዳል። አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ ስለዚህ ከ450 ቃል አይለፍ። በ16 ፖይንት፣ በሰፊ መስመር ይታተም፤ ዓመቱ በግዕዝ ቁጥር ከተጻፈ አንባቢው ይደናቀፋል። አንባቢው ልጅ ባይሆን ይመረጣል፤ ሳግ ይይዘዋል። ሙስሊም ቤተሰብ ጋር ቀብሩ ስለሚፈጥን ንባቡን ለተዝያው፣ ለሐዘን መቀመጫው፣ ማቆየት ይሻላል።

«ሰው አክባሪ፣ ደግ፣ ሁሉን እኩል የሚያዩ» የሚለው ለሁሉም ሟች ስለሚነበብ ማንንም አያሳይም። በእሱ ፋንታ አንድ ነገር በቅርብ አሳዩ፦ ለገበያ የመጣን ሽማግሌ አስቀምጠው ሻይ እየጋበዙ የወንዙን የጥንት ስም ሲጠይቁ፣ መልሱን በክብሪት ካርቶን ላይ ሲጽፉ። ከሚናገሩት ሦስት ቅጽል ይልቅ ያቺ ካርቶን ትታወሳለች። የሠሩባቸው ትምህርት ቤቶች በሙሉ ከእነዓመታቸው ይግቡ፤ ተማሪዎቻቸው በሕዝቡ መካከል ቆመው የሚጠብቁት የራሳቸውን ትምህርት ቤት ስም ነው። አንዱ ከተዘለለ ቅሬታው እስከ አርባው ይዘልቃል።

በቀይ ሽብር ዘመን ታስረው ከነበረ የቤተሰቡ ትልልቆች ይማከሩበት። ይጻፍ ከተባለ ዓመቱና ቦታው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ ጠቋሚው ማን ነበር የሚለው የቀብር ንባብ አይደለም።

ስማቸው ራሳቸው በሚፈርሙበት ፊደል ይጻፍ። ኃይሉ በ«ሐ» ከፈረሙ በ«ሐ» ነው።

ለአርባውና ለሙት ዓመቱ

የሞቱበትን ቀን አንድ ብላችሁ ከቆጠራችሁ፣ መስከረም 10 ላረፉ ሰው አርባው ጥቅምት 19 ይውላል። ለዚያ ቀን የመታሰቢያ መጽሔት የምታሳትሙ ከሆነ ለማተሚያ ቤት ቢያንስ አሥር ቀን ተዉለት። መጽሔቱ በኤአምስት መጠን ታጥፎ በስቴፕል የሚያያዝ ከሆነ የገጹ ብዛት ለ4 መካፈል አለበት፤ 16 ወይም 24 ይመቻል፣ 18 ካመጣችሁ ሁለት ባዶ ገጽ ይጨመራል። የድሮ ጽሑፋቸው በፓወር ግዕዝ ዘመን፣ በአሮጌው የኮምፒውተር ፊደል፣ የተተየበ ከሆነ በሌላ ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። ኮምፒውተር ሁሉ ወደሚያነበው የፊደል ሥርዓት፣ ወደ ዩኒኮድ፣ ቀይሩት፤ ማተሚያ ቤት ሲሄድ ደግሞ በፒዲኤፍ ብቻ ይሂድ።

ከደብተሮቻቸው ሲወሰድ ያዩትን፣ የተነገራቸውንና ከሌላ የገለበጡትን ለዩ። ሦስቱ ተቀላቅለው ሲታተሙ የሽማግሌ ወሬ የመምህሩ ምስክርነት ይመስላል። የዘር ሐረግና የርስት ድንበር የያዙ ገጾች ለብቻ ይቀመጡ፤ በማግሥቱ ፍርድ ቤት እንደ ማስረጃ ሊቀርቡ ይችላሉ።

ማን ይረከብ

አጥኚ ነኝ የሚል ሁሉ «ለሁለት ቀን» ብሎ ዋናውን እንዳይወስድ። ቅጂው ይሰጠው። ዋናውን ለተቋም መስጠት ከተፈለገ በኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት፣ የቀድሞው ወመዘክር፣ ወይም ስድስት ኪሎ ባለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም መጠየቅ ይቻላል። በወረዳቸው ለሚገኘው ቤተ መጻሕፍትም አንድ ሙሉ ቅጂ ይግባ፤ ታሪኩ የተሰበሰበው ከዚያ ሕዝብ ነው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ የኢኮኖሚ መብት ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት ለወራሾች ይቆያል፤ ስለዚህ ዋናውን አስረከባችሁ ማለት የማሳተም መብቱን ሰጣችሁ ማለት አይደለም። ይህ በርክክቡ ላይ በግልጽ ይስፈር። ከወረቀቱ መካከል ብራና ከተገኘ ቅርስ ነው፤ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፣ ልጆቹ ሻንጣ ውስጥም አይከቱት።

ርክክቡ በሦስት ቅጂ ይዘጋጅ፤ አንዱ ለተቋሙ፣ አንዱ ለቤተሰቡ፣ አንዱ ለዕድሩ ጸሐፊ። ዝርዝሩ «አንድ ካርቶን ልዩ ልዩ ወረቀት» ብሎ አይጻፍ፤ «ሀ/1፣ ባለ 50 ቅጠል ደብተር፣ 43 ቅጠል የተጻፈበት፣ የፊት ሽፋኑ የሌለው» ተብሎ ይጻፍ፤ የተረካቢው ሙሉ ስም፣ ፊርማና ማኅተም ከሥሩ ይግባ።