ከደሴ ሐይቅ ደርሶ መልስ፣ በሳይክል ለብቻ

ስድስት ዓመት ሆነኝ። ክረምት ካልሆነ በቀር በወር አንድ ቅዳሜ ከደሴ ተነስቼ ብቻዬን በሳይክል ሐይቅ ከተማ ደርሼ እመለሳለሁ። ሰሞኑን ሁለት የሰፈራችን ልጆች "እኛም መሄድ እንፈልጋለን፣ እንዴት ነው የምታደርጊው?" አሉኝ። ለእነሱ የነገርኳቸውን እዚህ በደንብ ልጻፈው።

መጀመሪያ ይሄን ያዙ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ሐይቅ ከዚያ 500 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። መንገዱ 30 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። በመሃል የሚወጣበት ቦታ ቢኖርም፣ ባጠቃላይ ሲታይ ጠዋት በትኩስ ጉልበት ትወርዳላችሁ፤ ከሰዓት ደክሟችሁ ትወጣላችሁ። ሐይቅ ደርሶ "ግማሹ አለቀ" ያለ ሰው ተሸውዷል። በጉልበት ከለካነው ገና ሩቡ ነው ያለቀው። ስለዚህ እንቅልፉም፣ ምግቡም፣ ሰዓቱም የሚታሰበው ለመመለሻው ነው።

ወቅት ምረጡ። ለእኔ ከጥቅምትና ኅዳር የሚበልጥ የለም። ዝናቡ አባርቷል፣ አየሩ ጥርት ያለ ነው፣ ማሳው ቢጫ ነው። ወሎ በልግ ስላለው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ድንገት ሊዘንብባችሁ ይችላል። የደሴ ጉም ደግሞ በማንኛውም ጊዜ ይመጣል። ጉም ካለ እስኪገለጥ ጠብቁ። ሾፌሩ አያያችሁም። ዋዜማውን መነኸሪያ ጎራ ብላችሁ መንገዱ ሰላም መሆኑን ሾፌሮች ጠይቁ። ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ለቤተሰብም የምትመለሱበትን ሰዓት ተናገሩ።

አሁን ወደ ፍሬን። ከሁሉም በላይ የምለፋበት እሱ ላይ ነው። በሁለተኛው ዓመት፣ ቁልቁለቱ መሃል የኋላ ፍሬኔ ሽቦ ተበጠሰ። ከፊቴ ጭነት የያዙ አህዮች መንገዱን ሞልተው ይሄዱ ነበር። የፊቱን ፍሬን በትንሽ በትንሹ እየያዝኩ፣ አንድ እግሬን መሬት ላይ እየጎተትኩ ከአስፋልቱ ወጥቼ ጠጠር ላይ ቆምኩ። የጫማዬ ሶል ተገንጥሎ ነበር። እጄ መንቀጥቀጡን እስኪያቆም ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ሽቦው ጫፉ ላይ መሰለል ከጀመረ ቆይቷል፤ እኔ ነኝ ያላየሁት። ከዚያ ወዲህ ዋዜማውን ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቴ እዳስሳለሁ። አንድ ክር እንኳ ከተነሳ ይቀየራል። የፍሬኑ ጎማም ካለቀ ይቀየራል።

ስትወርዱ ፍሬን ይዛችሁ አትቆዩ። የፍሬኑ ጎማ የቸርኬውን ጠርዝ እየፈተገ ያግለዋል፤ ሲግል ደግሞ የመያዝ አቅሙ ይደክማል። ያዝ፣ ለቀቅ፣ ያዝ፣ ለቀቅ። ፍጥነቱን ኩርባው ውስጥ ሳይሆን ከኩርባው በፊት ቀንሱ። ሰውነታችሁን ወደ ኋላ ሳብ አድርጉ። ሲኖትራክ ከኋላ ከመጣ አትሽቀዳደሙት፤ ጥግ ይዛችሁ አሳልፉት። የጫኑ አህዮች ስታዩ ከሩቅ ቃጭላችሁን አሰሙ። አጠገባቸው ደርሳችሁ ካሰማችሁ ይደነግጡና ጭነቱን ይዘው መንገዱን ያቋርጡባችኋል።

የምይዘው ብዙ አይደለም። ትርፍ ካላማዳሪያ፣ ማስቲሽና ቁራጭ ላስቲክ፣ ትንሽ መንፊያ፣ ቁልፎች፣ ትርፍ የፍሬን ሽቦ። በከተሞቹ መካከል ጎሚስታ አገኛለሁ ብላችሁ አትመኑ። ሁለት ሊትር ውኃ፣ በሶ፣ ቆሎ። በሶውን ቤት ውስጥ በማርና በትንሽ ጨው አሽቼ በላስቲክ እጠቀልለዋለሁ። በአንድ እጅ እየጎረሱ መሄድ ይቻላል። አንገቴ ላይ ነጠላ አደርጋለሁ፤ አየሩ ቢቀዘቅዝም የደጋ ፀሐይ ይልጣል።

የምነሳው 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። እየቆምኩ፣ እያየሁ፣ 3 ሰዓት ሳይሞላ ሐይቅ እገባለሁ። ከተማው ውስጥ ሻይ ጠጡና ወደ ሐይቁ ውረዱ። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም እዚያው ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት ቦታ ነው፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚያ ተምረዋል። ድሮ ደሴት ነበር፣ አሁን ከየብሱ ጋር ተያይዟል። ሴት ስለማይገባ እኔ ውኃው ዳር ዛፍ ጥላ ሥር እቀመጣለሁ። ወንዶቹ ግቡና እዩ። ወደ ሰሜን የአምባሰል ተራሮች አሉ፤ ቅኝቱ የተሰየመበት አምባሰል። ብቻዬን መሄድ የምወደው ለዚች ሰዓት ብዬ ነው። የሚያናግረኝ የለም፣ የሚያስቸኩለኝም የለም።

የሐይቅ ዓሣ ሳትበሉ አትመለሱ፤ ግን 5 ሰዓት ላይ ብሉ፣ ጠግባችሁም አትነሱ። በሙሉ ሆድ ዳገት አይወጣም።

ለመመለስ ከ6 ሰዓት ተኩል አላሳልፍም። ፀሐዩን ልሽሽ ብዬ 8 ሰዓት የተነሳሁባቸው ቀኖች ነበሩ፤ ጨለማ ቀደመኝ። መውጫው እረፍቱ ተጨምሮ አራት ሰዓት ይፈጅብኛል። ማርሹን ዳገቱ ሳይጀምር አቅሉ። መሃል ላይ በጉልበት እየረገጣችሁ ከቀየራችሁ ሰንሰለቱ ይወልቃል። ልኩ ይሄ ነው፦ እየወጣችሁ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር መቻል አለባችሁ። ካልቻላችሁ ፈጥናችኋል። እስኪደክማችሁ አትጠብቁ፤ በየሃያ ደቂቃው ቁሙ፣ ሳይርባችሁ ጉረሱ። ካቃታችሁ ወርዳችሁ ግፉ። እኔ ዛሬም የምገፋባቸው ቦታዎች አሉ።

አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ። ልጆች የአይሱዙ ኋላ ይዘው ዳገት ሲወጡ አያለሁ። አታድርጉት። ሾፌሩ ድንገት ፍሬን ቢይዝ የምታመልጡበት ጊዜ የለም። ጉልበት ካለቀ ሚኒባስ አስቁሙ። ረዳቱ ሳይክሉን ፖርቶ መጋላ ላይ ያስርላችኋል፤ ሒሳቡን ቀድማችሁ ተስማሙ። ሁለቴ እንዲህ ተመልሻለሁ።

መንገድ ላይ ሰላምታ ቀድማችሁ ስጡ። ሳይክላችሁን ይዘው የሚሮጡ ሕፃናት ስማቸውን ስትጠይቋቸው ይለቃሉ። ውሻ ከመጣ ውረዱ፣ ሳይክሉን በእናንተና በውሻው መሃል አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ተራመዱ። ለሴቶቹ ደግሞ፦ ሰፋ ያለ ሱሪ፣ ረዘም ያለ ሸሚዝና ሻርፕ ይበቃል። "ዘመድ የለሽም ወይ፣ ብቻሽን?" የሚል ሰው አይጠፋም። ክፋት የለውም። አንድ ዳገት ላይ ስገፋ ያገኙኝ እናት እንጨት ተሸክመው ነበር። ከእኔ የባሰ ሸክም ይዘው "አብሽሪ የኔ ልጅ፣ ደርሰሻል" አሉኝ። አልደረስኩም ነበር፤ ግን እስከ ላይ በዚያች ቃል ወጣሁ።

የደሴው ተራራ ጦሳ ፊት ለፊት ሲመጣላችሁ ቤት ቀርቧል። ገብታችሁ ከመታጠባችሁ በፊት የፍሬኑን ጎማ እዩ፣ ሰንሰለቱን በጨርቅ ጥረጉ፣ የላላውን ብሎን አጥብቁ። ከተቀመጣችሁ በኋላ አትነሱም።