በተብላላ የዕፅዋት መድኃኒት ምርመራ ላይ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

አዩርቬዳ የተባለው የህንድ ባህላዊ ሕክምና ሐኪሞች አብላልተው የሚያዘጋጇቸው መድኃኒቶች አሳቫና አሪሽታ ይባላሉ። ዕፁ ተቀቅሎ በወጣው ውሃ የሚጠነሰሰው አሪሽታ ነው፤ ሳይቀቀል በጭማቂው ወይም በቀዝቃዛ ውሃ የሚጠነሰሰው አሳቫ። ማር ወይም ያልተጣራ የአገዳ ስኳር ይጨመርበታል፣ እርሾ ይዞ የሚመጣው የዳታኪ አበባ ይገባበታል፣ ከዚያም ተከድኖ ይቀመጣል። ጠጅ ጥሎ ለሚያውቅ ሰው ሥራው እንግዳ አይደለም። የህንድ መንግሥት የቀመሮቹን መጽሐፍ የመጀመሪያ ክፍል እ.ኤ.አ. በ1978 አውጥቷል፤ ቀመሩ አንድ ቢሆንም ግን ከየጋኑ የሚወጣው አንድ አይሆንም። ስህተቶቹም የሚጀምሩት ይህን ከመዘንጋት ነው፤ ከዚህ በታች እያንዳንዱ አንቀጽ ስህተቱን ጠርቶ ይጀምራል።

ምርመራውን ከጥሬው ዕፅ ሳይሆን ከጠርሙሱ መጀመር። ለሴቶች የወር አበባ ችግር የሚሰጠውን አሾካሪሽታን እንውሰድ። የሚሠራው ሳራካ አሶካ ከተባለው ዛፍ ቅርፊት ነው። ዛፉ እየተመናመነ ስለሄደ በገበያ ላይ የፖሊያልቲያ ሎንጊፎሊያ፣ ማለትም የ“ሐሰተኛው አሾካ” ቅርፊት በስሙ ይሸጣል። ቅርፊቱ አንዴ ከተቀቀለና ከተብላላ በኋላ ማንነቱን መለየት እጅግ ይከብዳል። ስለዚህ ደረቁ ቅርፊት ወደ ድስት ከመግባቱ በፊት በማይክሮስኮፕና ንጥረ ነገሮችን ለይቶ በሚያሳየው በክሮማቶግራፊ መታየት አለበት።

በአንድ ንጥረ ነገር መማል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይኸኛው ነው። ብዙ ጊዜ የጥራት መለኪያ ተደርጎ የሚመረጠው ጋሊክ አሲድ ነው፤ ለመለካት ቀላል ነውና። ነገር ግን የዳታኪ አበባ ራሱ ታኒን በተባለው አፍ የሚያጣብቅ የዕፅ ንጥረ ነገር የበለጸገ ነው፤ ታኒኑ ሲፈርስ ጋሊክ አሲድ ይወጣዋል። እንግዲህ አሾካ የሚባል ቅርፊት ያልነካው ፈሳሽም ፈተናውን ሊያልፍ ይችላል ማለት ነው። በተቃራኒው፣ በጥሬው ዕፅ ውስጥ የነበረውን ንጥረ ነገር በዚያው መጠን ከመድኃኒቱ መጠበቅም ስህተት ነው፤ በብርዝ ልክ ጠጅን እንደ መመዘን ነው። መብላላት የሚለውጠው ብዙ ነገር አለ፤ መድኃኒቱን የተለየ የሚያደርገውም ይኸው ለውጥ ነው። የሚሻለው የበርካታ ንጥረ ነገሮችን አሻራ በአንድነት አይቶ፣ ትክክለኛነቱ ከተረጋገጠ ናሙና ጋር ማነጻጸር ነው። ዳታኪ ብቻ የገባበት ፈሳሽም ለብቻው ተብላልቶ አብሮ ይመርመር።

የፈሳሽ እፍገት መለኪያውን ሃይድሮሜትርን በቀጥታ መንከር። አልኮል የፈሳሹን እፍገት ይቀንሳል፣ ስኳርና ከዕፁ የሟሙ ንጥረ ነገሮች ደግሞ ይጨምራሉ። ሁለቱ በአንድ ላይ ሲለኩ የሚገኘው ቁጥር የአልኮሉ መጠን አይደለም። አረቄ እንደሚወጣው በእንፋሎት አልኮሉን ለይቶ፣ በውሃ ወደ መነሻው መጠን መልሶ፣ ሙቀቱን ጠብቆ መለካት ያስፈልጋል። ጋዝ ክሮማቶግራፍ የተባለው መሣሪያ ያለው ቤተ ሙከራ መርዛማውን አልኮል ሜታኖልንም በዚያው ያያል። ፔክቲን (ማርማላታን የሚያረጋው ንጥረ ነገር) ካላቸው ፍራፍሬዎች ሜታኖል ሊወጣ ስለሚችል ይህ የሚዘለል ምርመራ አይደለም።

የአልኮሉን ቁጥር ብቻ አይቶ ማሳለፍ። በአሪሽታ ውስጥ ያለው አልኮል በጋኑ ውስጥ በራሱ የተፈጠረ መሆን አለበት። ሳይብላላ ቀርቶ ከውጭ አልኮል የተጨመረበት ፈሳሽም ትክክለኛውን ቁጥር ሊያሳይ ይችላል፤ ስለዚህ በየቀኑ የተመዘገበ የስኳርና የፒኤች (የአሲድነት) መጠን ካልተያያዘ ውጤቱ ሙሉ አይደለም። መጠኑ በጠርሙሱ ላይ መጻፉም የሕመምተኛው መብት ነው፦ ነፍሰ ጡሯ፣ የጉበት ሕመምተኛው፣ በሃይማኖቱ ምክንያት አልኮል የማይቀምሰው ሁሉ ማወቅ አለባቸው።

ቀን ቆጥሮ ማሸግ። ቀመሩ አንድ ወር ቢልም እርሾ የሚታዘዘው ለሙቀቱ ነው። የድሮዎቹ አዘጋጆች ጆሯቸውን አስጠግተው የሚፍለቀለቀውን ያዳምጡ ነበር፤ የተለኮሰ እሳት ወደ ጋኑ አፍ ሲያስጠጉ ከጠፋ ገና አላለቀም ይላሉ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወጣ ነውና። የተንሳፈፈው ዕፅ መስመጡም ምልክት ነው። እነዚህን ምልክቶች መናቅ አይገባም፤ ነገር ግን ስኳሩ ለተከታታይ ቀናት አለመቀነሱ በልኬት ይረጋገጥ። ያለጊዜው የታሸገ ጠርሙስ ይፈነዳል፤ አየር የገባበት ደግሞ ወደ ኮምጣጤ ይሄዳል።

ዕቃውን መርሳት። ፈሳሹ አሲዳማ ስለሆነ ከመዳብ ዕቃና እርሳስ ካለበት የሸክላ ልባስ መዳብና እርሳስ ይስባል። በህንድ ለዕፅዋት መድኃኒት የተቀመጠው ጣሪያ ከሚሊዮን ክፍል ለእርሳስ 10፣ ለአርሴኒክ 3፣ ለሜርኩሪ 1፣ ለካድሚየም 0.3 ነው። ዕፁ ንጹሕ ነው ተብሎ የተጠነሰሰው ፈሳሽ ከዕቃው ሊበከል ስለሚችል፣ ልኬቱ ከመብላላቱ በፊትም በኋላም መደገም አለበት።