ሆል ሴንሰር የሌለውን ብረሽለስ ሰርቮ ሞተር ሲያስነሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኢንክሪመንታል ኢንኮደር (ከሻፍቱ ጋር የተያያዘ ቆጣሪ) ሮተሩ፣ ማለትም ማግኔት ያለበት የሚዞረው ክፍል፣ ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ ይቆጥራል እንጂ ኃይል ሲበራ የት እንደቆመ አያውቅም። ድራይቩም (ሞተሩን የሚቆጣጠረው መሣሪያ) የማግኔቱን አቅጣጫ ሳያውቅ ከሦስቱ የሽቦ ጥቅሎች (ፌዞች) ለየትኛው ከረንት እንደሚሰጥ መወሰን አይችልም። ስለዚህ ይህን አቅጣጫ የሚያሳየው ሆል ሴንሰር ከሌለ መጀመሪያ ሮተሩን በከረንት ስቦ የታወቀ ማዕዘን ላይ ማቆም ያስፈልጋል። አብዛኛው ጥፋት የሚፈጸመው በዚህ ጊዜ ነው።

በአንድ እርምጃ ብቻ መሳብ። የሚስበው ቶርክ (የማዞሪያ ጉልበት) በሮተሩና በስታተሩ (የማይዞረው ክፍል) ማግኔታዊ መስክ መካከል ባለው ማዕዘን ሳይን ይወሰናል። ሮተሩ ልክ 180 የኤሌክትሪክ ዲግሪ ላይ (የሮተሩ አንድ ጥንድ የማግኔት ዋልታ 360 የኤሌክትሪክ ዲግሪ ወይም አንድ የኤሌክትሪክ ዙር ነው)፣ በተቃራኒው ቆሞ ከተገኘ ቶርኩ ዜሮ ነው፤ ከረንት ቢያልፍበትም ንቅንቅ አይልም። ድራይቩ ግን ያንኑ ቦታ ዜሮ ብሎ ይመዘግባል፣ በመጀመሪያው ትእዛዝም ሞተሩ በተገላቢጦሽ ይፈተለካል። መፍትሔው መስኩን መጀመሪያ 90 ዲግሪ፣ ቀጥሎ 0 ላይ ማድረግ ነው፤ በአንዱ ያልተሳበ በሌላው ይሳባል። በእያንዳንዱ እርምጃ ከረንቱን በግማሽ ሰከንድ ገደማ ቀስ በቀስ ያሳድጉ፣ ሮተሩ መወዛወዙን እስኪተው 1 ወይም 2 ሰከንድ ይጠብቁ። በሁለቱ እርምጃዎች መካከል ኢንኮደሩ ሩብ የኤሌክትሪክ ዙር ካልቆጠረ ውጤቱን አይመኑት።

ጭነት እንደተንጠለጠለ ወይም ፍሬን እንደያዘ መሳብ። በቁም አክሲስ (ወደ ላይና ወደ ታች በሚንቀሳቀስ የማሽን ክፍል) ላይ ክብደቱ የመሳቢያውን ቶርክ ግማሽ ከተሻማ ሮተሩ ወደሚሳብበት ማዕዘን 30 የኤሌክትሪክ ዲግሪ ሲቀረው ይቆማል። ከዚያ ወዲያ ያው ከረንት የሚሰጠው ቶርክ 87 በመቶ ብቻ ነው። ስህተቱ 60 ዲግሪ ሲሆን 50 በመቶ፣ 90 ሲሆን ዜሮ፣ ከ90 ካለፈ ደግሞ አቅጣጫው ይገለበጣል። አስቸጋሪው የ30ው ነው፦ ማሽኑ ይሠራል፣ ሞተሩ ግን ያለምክንያት የሚሞቅ ይመስላል። አክሲሱ ከማቆሚያው ጋር ተጠግቶ ከቆመም ያው ነው፤ ባለ 4 ጥንድ ዋልታ ሞተር በአንድ እርምጃ ሲሳብ ሻፍቱ እስከ 45 ዲግሪ ሊዞር ስለሚችል ክፍት ቦታ ይፈልጋል።

ከረንትን ሳይገድቡ ቮልቴጅ መልቀቅ። የቆመ ሞተር ቮልቴጁን የሚቃወምለት የራሱ ቮልቴጅ የለውም፤ የሚከላከለው የሽቦው ሬዚስታንስ ብቻ ነው። በሁለት ፌዞች መካከል 1 ኦም የሚለካ ሞተር፣ በአንዱ ገብቶ በሁለቱ ሲወጣ 0.75 ኦም ነው፤ 24 ቮልት ቢለቁበት 32 አምፔር ይስባል። ያ አንዱ ፌዝ ከሌሎቹ አራት እጥፍ ይሞቃል። ከሞተሩ መደበኛ ከረንት አይለፉ።

የፌዝና የኢንኮደር አቅጣጫ ሳይመሳከር ሉፑን መዝጋት (ድራይቩ በኢንኮደሩ እየተመራ እንዲሠራ ማድረግ)። መጀመሪያ በኦፕን ሉፕ (ያለ ኢንኮደሩ ምሪት) መስኩን በዝግታ ወደ አንድ አቅጣጫ ያዙሩት። ቁጥሩ መጨመር አለበት፤ ከቀነሰ ሁለት የሞተር ፌዞችን ወይም የኢንኮደሩን ሁለት የሲግናል መስመሮች (ኤ እና ቢ ቻናል) ያቀያይሩ፤ አንዱን ብቻ ነው፣ ሁለቱንም ካደረጉ ወደነበረበት ይመለሳል።

ከነጥብ በኋላ ያለውን ቁጥር ቆርጦ መጣል። 2500 መስመር ያለው ኢንኮደር እያንዳንዱን መስመር አራት ጊዜ ስለሚቆጥር በአንድ ዙር 10000 ይቆጥራል። በ4 ጥንድ ዋልታ አንድ የኤሌክትሪክ ዙር 2500 ነው፣ ችግር የለም። በ3 ጥንድ ግን 3333.33 ይመጣል። ፕሮግራሙ 3333 ብሎ ከያዘ በእያንዳንዱ የሻፍት ዙር 1 ቁጥር ይስታል፤ ከ833 ዙር በኋላ ስህተቱ 90 ዲግሪ ይደርሳል። በደቂቃ 3000 ዙር ለሚዞር ሞተር ይህ 17 ሰከንድ አይሞላም! ማዕዘኑን ከሙሉው 10000 አስልተው በ3 ያባዙ።

በባክ ኢኤምኤፍ (ሞተሩ ሲዞር ራሱ በሚያመነጨው ቮልቴጅ) መተማመን። ዘዴው ለፋን ወይም ለድሮን ይሆናል። በዜሮ ፍጥነት ግን ምንም ሲግናል ስለሌለ ቦታ ይዞ መቆም ያለበትን ሰርቮ አይረዳም።

የዜድ ፐልስ (ኢንኮደሩ በአንድ ዙር አንድ ጊዜ የሚሰጠው ምልክት) ካለ ከሮተሩ ዜሮ ያለውን ርቀት አንድ ጊዜ ለክተው ያስቀምጡ፤ ድራይቩ ዜድን ባገኘ ቁጥር በመሳብ የመጣውን ስህተት ያርማል። ኢንኮደሩ ከሻፍቱ ከተፈታ ግን ያ ልኬት አይሠራም፣ እንደገና ይለካ።